«ኢሶፌሮፕላቲን» የሚባለው ስምና የዩብዶ ፕላቲን፤ ስለ አመዳደቡ የቀረበ ሒስ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። የማዕድንን ስም ግን የሚያወጣው በመሣሪያ ፊት የተቀመጠ ሰው ነው፤ ሰውም ይሳሳታል፥ ይቸኩላልም። ይህን ሒስ እንድንጽፍ ያነሣሣን አንዲት ትንሽ ካርቶን ናት። በአንድ የማዕድን ስብስብ ውስጥ፥ በብልቃጥ የተቀመጠች፥ ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ ግራጫ ፍሬ አየን። በካርቶኗ ላይ «ኢሶፌሮፕላቲን፥ ዩብዶ፥ ወለጋ» የሚል ተጽፏል። ስሙ በምን ማስረጃ እንደ ተሰጠ ብንጠይቅ የኬሚካዊ ምርመራ ውጤት ያለበት አንድ ወረቀት ቀረበልን። ከዚያ በቀር ምንም አልነበረም። እኛም ወረቀቱ በሙሉ ትክክል ቢሆን እንኳ ያ ስም ከዚያ ወረቀት ሊወጣ አይችልም እንላለን። ነገሩ የቃል ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ የአንባቢን ጊዜ ባልወሰድን ነበር፤ ነገር ግን የዩብዶ ፕላቲን እንዴት እንደ ተፈጠረ የሚደረገው ክርክር በከፊል በዚሁ ስም ላይ የተንጠለጠለ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ስፍራውን ለማያውቁ ጥቂት እንበል። ዩብዶ በምዕራብ ወለጋ፥ ከጊምቢ በስተደቡብ ምዕራብ፥ በብርብር ወንዝ አካባቢ ይገኛል፤ ከ1920ዎቹ ዓመታት ጀምሮም ፕላቲን ወጥቶበታል። የስፍራው ዋና ድንጋይ ዱናይት ነው፤ ይኸውም ከሞላ ጎደል ኦሊቪን ከሚባለው ማዕድን ብቻ የተሠራ ከባድ ድንጋይ ሲሆን ፓይሮክሲናይት የተባለ ሌላ ድንጋይ እንደ ቀለበት ይከበዋል። በላዩ የተኛው ዝናብና ሙቀት ለብዙ ዘመን የበሉት ቀይ አፈር፥ ላተራይት ነው። የፕላቲኑ ፍሬ ታጥቦ የሚገኘው ከዚሁ አፈርና ከወንዞቹ አሸዋ ነው። የጄኔቫው ሊቅ ሉዊ ዱፓርክ የኡራልን ፕላቲን ሲመረምር የኖረ፥ በ1920ም ከቲኮኖቪች ጋር ስለዚያው ትልቅ መጽሐፍ ያወጣ ሰው ነበር። እርሱ ከባልደረቦቹ ጋር በ1927፥ ዱናይቱ ተለውጦ ሲሊካ የበዛበትን የዩብዶ ድንጋይ «ቢርቢራይት» ብሎ ሰየመው። ስለዚህ ብርብር ወንዝ በዓለም የድንጋይ መዝገብ ውስጥ ስሙ ገብቷል። በፕላቲኑ ማዕድናት ስም ግን እንዲህ ያለ ዕድል የደረሰው የካናዳው ቱላሚን ወንዝ ነው፤ ፕላቲንን፥ ብረትንና መዳብን የያዘው ቱላሚናይት በእርሱ ስም ይጠራል።

አሁን ወደ ማዕድኑ። ንጹሕ ፕላቲን ከውሃ ጋር ሲመዛዘን 21.45 እጥፍ ይከብዳል፤ የሚቀልጠውም በ1768 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በተፈጥሮ የሚገኘው ግን ንጹሕ ሆኖ አይገኝም። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ብረት አለበት፤ ከብረቱም ጋር መዳብ፥ ኢሪዲየም፥ ሮዲየም፥ ፓላዲየምና ሌሎችም በጥቂቱ ይገባሉ። ብረት ቀላል ስለ ሆነ ፍሬው ከንጹሑ ፕላቲን የቀለለ ይሆናል። የቀደሙት ሊቃውንት ይህን ድብልቅ «ፖሊክሲን» ይሉት ነበር፤ በግሪክኛ «እንግዳው የበዛ» እንደ ማለት ነው። ብረቱ እጅግ ሲበዛ ደግሞ «ፌሮፕላቲን» ይሉታል። «ፖሊክሲን» ያማረ ስም ነው፤ ለመመደብ ግን አይረዳም። ቤቱ በእንግዳ መሞላቱን ይነግረናል እንጂ እንግዶቹ እንዴት እንደ ተቀመጡ አይነግረንም።

የጥንቱ ምርመራ አሠራርም ራሱ ሰበብ ነበረው። ብዙ ፍሬ በአንድነት ተመዝኖ የወርቅ ውሃ በሚባለው የሁለት አሲድ ድብልቅ ይሟሟል፤ የማይሟሟው የኦስሚየምና የኢሪዲየም ቅይጥ ከሥር ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ተለይቶ ይመዘናል። የሚገኘው ቁጥር እንግዲህ የአንድ ፍሬ ሳይሆን የብዙ ፍሬዎች አማካይ ነው። እንዲያም ሆኖ ከጥንቶቹ አንዱ ሥራ እስከ ዛሬ ያስደንቀናል። ስዊድናዊው በርዜሊየስ በ1828 የኡራልን ፕላቲን ሲመረምር ማግኔት የሚስባቸውን ፍሬዎች ከማይስባቸው ለይቶ መዘነ። በሚሳቡት ውስጥ በክብደት ከመቶ 13 ያህል፥ በማይሳቡት ውስጥ ከመቶ 11 ያህል ብረት አገኘ። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ጠባያቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነበር። የብረቱ መጠን ብቻ ነገሩን እንደማይፈታው የሚጠቁም ምልክት ያኔውኑ በጠረጴዛው ላይ ነበረ ማለት ነው።

ምሥጢሩ በአሰላለፍ ላይ ነው። አንድ እኩል ጎን ያለው ሣጥን እናስብ። በስምንቱ ማዕዘኖችና በስድስቱ ገጾች መካከል አቶሞች ተቀምጠዋል። እያንዳንዱ ማዕዘን በስምንት ጎረቤት ሣጥኖች መካከል የጋራ ስለ ሆነ ስምንቱ ማዕዘኖች ለአንድ ሣጥን የሚያደርሱት አንድ አቶም ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ገጽ ደግሞ የሁለት ሣጥኖች ስለ ሆነ ስድስቱ ገጾች ሦስት አቶም ያደርሳሉ። ብረቱ ማዕዘኖቹን፥ ፕላቲኑ ገጾቹን ቢይዝ ሦስት ፕላቲን ለአንድ ብረት ይሆናል። ኢሶፌሮፕላቲን ይህ ነው፤ የሣጥኑም ጎን 3.86 አንግስትሮም ያህል ነው። ነገር ግን እነዚያው አቶሞች፥ በዚያው ቁጥር፥ ማዕዘንና ገጽ ሳይለዩ እንደ ደረሱ ቢቀመጡ ሌላ ነገር ይሆናል። በግብር አዳራሽ እያንዳንዱ ሰው እንደ ማዕረጉ ሲቀመጥና ያው ሰው በገበያ ቀን ሲጋፋ ያለው ልዩነት ነው፤ ሰዎቹን ብንቆጥር በሁለቱም ቦታ ቁጥሩ አንድ ይወጣል።

ይህን ሁሉ በሥርዓት ያቆመው ሉዊ ካብሪና ፌዘር በ1975 ያወጡት የስም አሰጣጥ ጥናት ነው። የተፈጥሮውን ፍሬ ብቻ ሳይሆን በላቦራቶሪ የተሠራውንም ቅይጥ አብረው መረመሩ፤ «ፖሊክሲን»ንና ጥርት ያለ ፍቺ ያልነበረውን «ፌሮፕላቲን»ን አሰናበቱ። በእነርሱ አመዳደብ ከመቶ አቶም ውስጥ ከ80 በላይ ፕላቲን ያለበት «ፕላቲን» ይባላል። ከ20 እስከ 50 ብረት ኖሮበት አሰላለፉ ያልተለየው «ብረት ያለበት ፕላቲን» ነው። ከ25 እስከ 35 ያህል ብረት ኖሮበት አሰላለፉ የተለየው ኢሶፌሮፕላቲን ሲሆን፥ ብረቱና ፕላቲኑ እኩል ለእኩል የሆኑበት፥ ሣጥኑም በአንድ አቅጣጫ አጠር ያለው ቴትራፌሮፕላቲን ነው። ጥናቱ ትልቅ ውለታ ውሏል፤ ከዚያ በፊት የነበረውን መደነጋገር ያየ ሰው ይህን አይክድም።

እንግዲህ ሒሳችን። ከሁሉ የሚከፋው እንከን ያለው በስሙ ውስጥ ነው። «ኢሶ» የሚለው ቅጽል የተወሰደው ሦስቱ ጎኖቹ እኩል የሆነውን የክሪስታል ወገን ከሚያመለክተው ቃል ነው፤ «ቴትራ»ም እንዲሁ ከሌላው ወገን ስም ተወሰደ። (ከእኛ መካከል አንዳንዱ ተማሪ «ቴትራ»ን አራት ብረት ማለት አድርጎ ሲተረጉም ሰምተናል፤ ልንስቅበት ግን አይገባንም፥ ስሙ ራሱ ይጋብዛልና።) ቴትራፌሮፕላቲንን ከኢሶፌሮፕላቲን ለመለየት ይህ ይበቃል። ነገር ግን አሰላለፉ ያልተለየው «ብረት ያለበት ፕላቲን»ም ጎኖቹ እኩል ናቸው! የሣጥኑ መጠን እንኳ ከሌላው ጋር እጅግ የተቀራረበ ነው። ስለዚህ ኢሶፌሮፕላቲን የተሰኘው ስም ማዕድኑን ከቅርብ ዘመዱ የሚለየውን አንድ ጠባይ፥ ማለት የአቶሞቹን በየማዕረጋቸው መቀመጥ፥ ጨርሶ አይናገርም፤ የሚናገረው ሁለቱ የሚጋሩትን ነው። ሁለት ወንድማማቾችን ለመለየት አንደኛውን «ያባቱ ልጅ» ብሎ እንደ መጥራት ነው። ከዚህ ወዲያ ስሙን ያለ ቦታው የሚጽፍ ሰው ቢበዛ ምን ይደንቃል?

የ20 ወሰንም እንዲሁ ያጠራጥረናል። ብረቱ ከመቶ አቶም 19 ሆነ 21፥ በአሰላለፉ ላይ ምንም አዲስ ነገር አይደርስም፤ ወሰኑን ያሠመረው የሰው እጅ ነው። አሰላለፉ ያልተለየ ቅይጥ ከግማሽ በላይ ፕላቲን እስካለው ድረስ በአጠቃላዩ ደንብ መሠረት ፕላቲን ነው፤ «ብረት ያለበት» የሚለውም ቅጽል እንጂ የተለየ የማዕድን ስም አይደለም። በሰንጠረዥ ውስጥ ግን ከእውነተኞቹ ስሞች ጎን ተሰልፎ ሲታይ አንባቢ አራት ማዕድን ያለ ይመስለዋል፤ ያሉት ሦስት ናቸው። ይህ ግን ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸር ቀላል ጥፋት ነው፥ አንዘገይበትም።

ወደዚያች ካርቶን እንመለስ። ዛሬ እንዲህ ያለ ፍሬ ብዙ ጊዜ የሚመረመረው ኤሌክትሮን ማይክሮፕሮብ በሚባለው መሣሪያ ነው። መሣሪያው በተወለወለው ፍሬ ላይ አንዲት ነጥብ በኤሌክትሮን ይመታል፤ ከነጥቧ የሚወጣውን ጨረር ለክቶም የትኛው ንጥረ ነገር ምን ያህል እንዳለ ይነግረናል። ድንቅ መሣሪያ ነው፤ የበርዜሊየስን አማካይ ቁጥር አስቀርቶልናል። እንበልና በክብደት ከመቶ 9 ብረትና 91 ፕላቲን አገኘ። ይህን እያንዳንዱን በአቶሙ ክብደት ብናካፍለው ከመቶ አቶም 25.7 ያህሉ ብረት ይሆናል። ሦስት ለአንድ ሊሆን ምንም አልቀረውም። መርማሪው ደስ ይለዋል፤ «ኢሶፌሮፕላቲን» ብሎ ይጽፋል። ይሁን እንጂ «ብረት ያለበት ፕላቲን»ም ከ20 እስከ 50 ድረስ ስለሚዘረጋ 25.7 በእርሱም ግዛት ውስጥ ነው። መሣሪያው ስንት ሰው በአዳራሹ እንዳለ ቆጥሯል፤ ማን የት እንደ ተቀመጠ ግን አላየም። በማይክሮስኮፕ ብናይም አንረዳም፤ ሁለቱም ነጭ ሆነው የሚያበሩ፥ መድረኩ ቢዞር የማይለዋወጡ ናቸው።

የሚያየው ራጅ ነው። ጨረሩ በፍሬው ዱቄት ላይ ሲወድቅ ከአቶሞቹ ሰልፍ ተመልሶ በተለያየ ማዕዘን መስመሮችን ይጥላል። ሰልፉ ባልተለየው ቅይጥ ውስጥ በማዕዘን ካሉት የሚመጣውና በገጽ ካሉት የሚመጣው ጨረር በአንዳንድ ማዕዘን ላይ እርስ በርሱ ይሻራል፤ እነዚያ መስመሮች ጨርሶ አይታዩም። ሰልፉ ሲለይ ግን የብረትና የፕላቲን ኃይል እኩል ስላልሆነ መሻሩ ሙሉ አይሆንም፤ በ3.86 እና በ2.73 አንግስትሮም ላይ ሌላው ቅይጥ የሌሉት ቀጫጭን መስመሮች ይወጣሉ። ፕላቲን 78፥ ብረት 26 ኤሌክትሮን ስላላቸው ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ በደንብ ለተነሣ ፊልም መስመሮቹ የሚሰወሩ አይደሉም። ኢሶፌሮፕላቲን ለመባል የሚያበቃው ምስክር እነዚህ መስመሮች ናቸው፤ የካብሪና የፌዘር አመዳደብም ራሱ የቆመው በዚህ ላይ ነው። እንግዲህ ስሙን ከማይክሮፕሮብ ቁጥር ብቻ የሚጽፍ ሰው የ1975ን ጥናት የሚከተል ይመስለዋል እንጂ በእርግጥ ወደ ፖሊክሲን ዘመን ተመልሷል።

ማግኔትስ አይበቃም ወይ የሚል ይኖራል። ጥያቄው መልካም ነው፤ ሦስት ለአንድ በትክክል የተሰለፈው ቅይጥ በተራ የክፍል ሙቀት በማግኔት አጥብቆ አይሳብም፥ ያልተሰለፈው ግን ይሳባል። የበርዜሊየስ ሁለት ክምር በከፊል በዚህ ሊፈታ እንደሚችል እናስባለን። ሆኖም ብረቱ ከሦስት ለአንድ ሲያልፍ ነገሩ ይቀየራል፤ ቴትራፌሮፕላቲንም በኃይል ይሳባል። በፍሬው ውስጥ የተሰወረ የማግኔታይት ቅንጣት ካለም ማግኔቱን ያታልላል። ማግኔት ጥሩ ጠቋሚ ነው፤ ዳኛ ግን ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ ሁሉ ምን አስጨነቀን? ለዩብዶ ፕላቲን አመጣጥ የቀረቡት ሐሳቦች ሁለት ናቸው። በ1967 ኦተማንና አውጉስቲቲስ ስለ ምዕራብ ኢትዮጵያ የፕላቲን ፍሬዎች ባወጡት ጥናት ፍሬዎቹ ከላተራይቱ መፈጠር ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ፕላቲኑ በአፈሩ ውስጥ ተንቀሳቅሶ እንደገና ተሰብስቧል የሚለውን ሐሳብ ደገፉ። በሌላው ወገን ካብሪ፥ ሃሪስና ቫይዘር በ1996 የዓለምን የፕላቲን አሸዋዎች በጠቅላላ ሲመለከቱ ፍሬዎቹ በጋለው ድንጋይ ውስጥ ተፈጥረው ድንጋዩ ሲፈራርስ የተለቀቁ ናቸው አሉ። አንደኛው የተፈጠሩት በአፈር ሙቀት ነው ይላል፤ ሌላው ከ1000 ዲግሪ በማያንስ ግለት። ሁለቱም በአንድ ፍሬ ላይ እውነት ሊሆኑ አይችሉም።

አሰላለፉ በዚህ ክርክር ውስጥ የራሱ ቃል አለው። ሦስት ለአንድ የሆነው ቅይጥ ከ1300 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ካልሆነ በቀር ሰልፉን አይፈታም፤ ከዚያ በታች ጊዜ ካገኘ መሰለፍን ይመርጣል። በድንጋይ ውስጥ ለብዙ ሺህ ዓመት ቀስ ብሎ የበረደ ፍሬ ጊዜ አግኝቷል፤ ተሰልፎ ብናገኘው አያስገርምም። በቀዝቃዛ አፈር ውስጥ አቶም በአቶም ላይ እየተለጠፈ ያደገ ፍሬ ግን ቦታ ለመቀያየር የሚያስችል ሙቀት የለውም፤ ሳይሰለፍ ሊቀር ይችላል። ከመቶ 25 አቶም ብረት ያለው የዩብዶ ፍሬ ተመርምሮ ያልተሰለፈ ሆኖ ቢገኝ ለአፈሩ ሐሳብ ከባድ ድጋፍ በሆነ ነበር፤ ተሰልፎ ቢገኝ የድንጋዩ ሐሳብ ይበረታል፤ ብቻውን ግን አይፈርድም። ካርቶኗ ላይ ያለ ምርመራ «ኢሶፌሮፕላቲን» ብሎ የጻፈው ሰው ሳያውቀው ለአንደኛው ወገን ፈርዷል። ነገ ሌላ ተማሪ ካርቶኗን አንብቦ «የዩብዶው ፍሬ የተሰለፈ ነው፤ ስለዚህ ከጋለ ድንጋይ የመጣ ነው» ብሎ ቢጽፍ ማስረጃው ያው ቁጥር ይሆናል፤ ቁጥሩ ደግሞ ስለ ሰልፉ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

በዚህ ላይ የዩብዶ ፍሬ አንድ ወጥ አለመሆኑ ይጨመር። ካብሪና ባልደረቦቹ በ1981 ከኢትዮጵያ በመጡ ፍሬዎች ላይ ያወጡት ጥናት በርእሱ ላይ ጭምር «ውስብስብ» ይላቸዋል፤ በአንድ ፍሬ ውስጥ ከአንድ በላይ ማዕድን ይገኛልና። ለፍሬው ሁሉ አንድ ስም የሚሰጥ ካርቶን እንግዲህ አሰላለፉ ቢመረመር እንኳ ገና ጎዶሎ ነው፤ የትኛው ክፍል እንደ ተመረመረ መጻፍ አለበት።

አንዳንድ መምህራን «ፍሬው ትንሽ ነው፥ ብርቅም ነው፤ ለራጅ ብላችሁ ልትፈጩት ነው ወይ?» ብለውናል። ተግሣጹን እንቀበላለን፤ ነገር ግን ሙሉ ፍሬ መፍጨት አያስፈልግም። ከተወለወለው ገጽ ላይ፥ ማይክሮፕሮቡ ከመታው ነጥብ አጠገብ፥ በማይክሮስኮፕ ሥር በመርፌ ጫፍ ተፍቆ የሚነሣ እጅግ ጥቂት ዱቄት በቀጭን የመስታወት ዘንግ ጫፍ ላይ ተለጥፎ በፊልም ካሜራው ውስጥ ቢዞር ይበቃል። ያለ ቸኮላ በ3.86 አንግስትሮም አካባቢ ያለውን መስመር መፈለግ ነው። ከሌለ ደግሞ ፊልሙ በቂ ጊዜ ማግኘቱን አረጋግጦ መድገም ያስፈልጋል፤ የመስመር አለመታየትና የመስመር አለመኖር አንድ አይደሉምና።

ይህ እስኪደረግ ድረስ ለብልቃጧ የሚሆን ሌላ ካርቶን አዘጋጅተናል። የተጻፈበትም «የፕላቲንና የብረት ቅይጥ፤ ዩብዶ፥ ወለጋ፤ በማይክሮፕሮብ ተመርምሯል፤ አሰላለፉ ገና አልታየም» የሚል ነው።